ዳር ዳሩን የሚሄድ ብርሃን፤ ስለ ቶፖሎጂ ሌዘሮች

ባለፈው መንፈቀ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች በሚያደርጉት የውይይት ስብሰባ ላይ ስለ ቶፖሎጂ ሌዘር አጭር ንግግር አድርገን ነበር። በዚያ ጊዜ «የዚህ ዓይነት ሌዘር ሲሠራ ጉድለት ቢገኝበት እንኳ ብርሃኑ አይሰናከልም» ብለን በድፍረት ተናገርን። ንግግራችንን እንደ ጨረስን ከመምህሮቻችን አንዱ ተነሥተው «የማይሰናከለው በምን ዓይነት ጉድለት ነው? በሁሉም ነው ወይስ በአንዳንዱ?» ሲሉ ጠየቁን። እርስ በርሳችን ተያየንና ዝም አልን። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የደረሰ መልስ ነው። ነገሩን ከሥር ሳያስረዱ ወደ መልሱ መድረስ ስለማይቻል ግን አንባቢዎቻችን ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሌዘር ምን እንደ ሆነ ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ስለሚያውቁት በአጭሩ እናልፈዋለን። አንድ አቶም ኃይል ሲቀበል ከፍ ወዳለ ደረጃ ይወጣል፤ ጥቂት ቆይቶም የተቀበለውን ኃይል በብርሃን መልክ መልሶ ይጥላል። ብቻውን ሲተው ይህን የሚያደርገው ባጋጠመው ጊዜና ወደ ማንኛውም አቅጣጫ ነው። አልበርት አይንስታይን በ1917 ዓ.ም. እንዳመለከተው ግን፥ ኃይል በያዘው አቶም አጠገብ ተስማሚ የሆነ ብርሃን ሲያልፍ አቶሙ ያን ብርሃን መስሎ፥ በቀለሙም በአቅጣጫውም በእርምጃውም ሳይለይ፥ የራሱን ብርሃን ይጨምርበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በገበያ መካከል በሚሰማ ጫጫታና ለዘፈን በአንድነት በሚመታ ጭብጨባ መካከል እንዳለው ልዩነት ነው። ብርሃኑ በዚህ ዓይነት እንዲባዛ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ይኸውም ብርሃን የሚሰጥ ቁስ፥ ለቁሱ ኃይል የሚያቀብል ምንጭ፥ ብርሃኑንም ወዲያና ወዲህ የሚያመላልስ ማስተጋቢያ ነው። ቴዎዶር ሜይማን በ1960 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ሌዘር ሲሠራ ቁሱ ሰው ሠራሽ የሩቢ ዘንግ፥ የኃይሉ ምንጭ እንደ ፎቶግራፍ መብራት ብልጭ የሚል መብራት፥ ማስተጋቢያው ደግሞ ብር የተቀባው የዘንጉ ጫፍና ጫፍ ነበረ። የዛሬው ሌዘር በሴሚኮንዳክተር ላይ ተቀርጾ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ሆኗል፤ በእጅ ስልካችን ውስጥም ይገኛል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ማነስ ነው። በመስታወት ክር መልእክት ለማስተላለፍ የሚያገለግለው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት 1.55 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ማስተጋቢያው ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ሲሆን በቅርጹ ላይ የጥቂት ናኖሜትር ስሕተት ቢገኝ፥ ይኸውም የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ጥቂት እጥፍ ማለት ነው፥ የሌዘሩ ቀለም ይለወጣል። አንድ ትንሽ ሌዘር ብቻውን ደካማ ስለ ሆነ ኃይል የሚፈልግ ሰው ብዙዎቹን ጎን ለጎን ማቆም ይኖርበታል። ነገር ግን የአንዱ ስሕተት ከሌላው ስሕተት ስለሚለይ እያንዳንዱ በራሱ ቀለምና በራሱ እርምጃ ይሠራል። መቶ ሰው አሰልፎ መቶ ልዩ ልዩ ዜማ እንደ መስማት ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የሚፈልጉት እያንዳንዱ ሌዘር ጥቂት ጉድለት ቢኖረውም ሁሉም በአንድነት እንዲሠሩ የሚያስገድድ ዘዴ ነው። ቶፖሎጂ የሚባለው የሒሳብ ክፍል የተጠራው ለዚህ ነው።

ቶፖሎጂ አንድ ነገር ሲሳብ፥ ሲጨመቅና ሲጣመም የማይለወጠውን ጠባዩን ይመረምራል። ሊዮናርድ ኦይለር በ1736 ዓ.ም. ስለ ኬኒግስበርግ ከተማ ሰባት ድልድዮች የጻፈው የዚህ ትምህርት መነሻ ነው ይባላል። ድልድዮቹን ሁሉ ሳይደግሙ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ከተማውን መዞር ይቻል እንደ ሆነ ሲጠየቅ፥ የድልድዮቹን ርዝመት ሳይለካ አገናኛቸውን ብቻ አይቶ እንደማይቻል አሳየ። ስሙን ያወጣለት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በ1847 ዓ.ም.፥ ዮሐን ሊስቲንግ የሚባል ጀርመናዊ ነው።

በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው የተለመደ ምሳሌ «ለቶፖሎጂ ሊቅ የቡና ስኒና ቦንቦሊኖ አንድ ናቸው» የሚል ዓይነት ነው። ይህን መጀመሪያ ስናነብ ግራ ገባን፤ የእኛ አገር ስኒ ጆሮ የለውምና። ጆሮ የሌለው ስኒ ገና እርጥብ ጭቃ ሳለ ሳይበሳና ሳይቀደድ ተድቦልቡሎ የዳቦ ቅርጽ ይወጣዋል፤ ቦንቦሊኖ ግን አይወጣውም። ፈረንጆቹ የሚሉት ስኒ ጆሮ ያለው ሲሆን የቦንቦሊኖው ቀዳዳ ያ የጆሮው ቀዳዳ ነው። ከእኛ ዕቃ ለምሳሌ የሚሻለው ጀበና ነው። አፉ አንድ ብቻ የሆነ ጀበና በጆሮው ምክንያት አንድ ቀዳዳ አለው። ከአንገቱ ሌላ በጎኑ ማፍሰሻ የወጣለት ጀበና ግን ሁለት አለው፤ በአንገቱ የገባ ክር በማፍሰሻው ሊወጣ ይችላልና። ሸክላ ሠሪዋ ሆዱን ብታሰፋው ወይም አንገቱን ብታስረዝመው ይህ ቁጥር አይነካም። አንድ ቀዳዳ ተኩል ያለው ጀበናም የለም። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ሙሉ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ሊለወጥ አይችልም፤ ወይ ባለበት ይቆያል ወይም ዕቃው ተበስቶ አንድ ጊዜ ይዘላል።

ይህ የሒሳብ ነገር ወደ ፊዚክስ የገባው ሳይታሰብ ነው። በ1980 ዓ.ም. ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ፥ እጅግ በቀዘቀዘና በብርቱ ማግኔት ውስጥ በገባ ስስ የሴሚኮንዳክተር ንጣፍ ላይ የኤሌክትሪክ ልኬት ያደርግ ነበር። ያገኘው የመቋቋም መጠን 25,812.807 ኦም የሚባለው ቁጥር ለ1፥ ለ2፥ ለ3 እያለ ለሙሉ ቁጥሮች ሲካፈል የሚገኘው ብቻ ነበረ። የሚያስደንቀው፥ ንጣፉ ቆሻሻ ቢኖርበትም፥ ቅርጹ ቢጣመምም ቁጥሩ አለመለወጡ ነው። በ1982 ዓ.ም. ዴቪድ ታውለስና ሦስት ባልደረቦቹ ያ ሙሉ ቁጥር እንደ ጀበናው ቀዳዳ ያለ የቶፖሎጂ ቁጥር መሆኑን አስረዱ። ፎን ክሊትሲንግ በ1985 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ታውለስም ከዳንከን ሃልዴንና ከማይክል ኮስተርሊትስ ጋር በ2016 ዓ.ም. ተሸለመ።

ቁጥሩ ለምን እንደማይናወጥ በዓይነ ልቡና ለማየት ኤሌክትሮኖቹን መከተል ይበቃል። ማግኔት ኤሌክትሮንን በክብ ያዞራል። በንጣፉ መካከል ያሉት ኤሌክትሮኖች እዚያው ሲሽከረከሩ ይውላሉ እንጂ የትም አይደርሱም። በዳር ያሉት ግን ክባቸውን ሳይጨርሱ ከዳሩ ጋር ይጋጫሉ፤ እንደገና ይዞራሉ፤ እንደገናም ይጋጫሉ፤ እንዲህ እየዘለሉ ዳር ዳሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳሉ። በመንገዳቸው ላይ እንቅፋት ቢገጥማቸው በእንቅፋቱ ዙሪያ ዞረው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ወደ መካከል እንዳይገቡ መካከሉ መተላለፊያ የለውም፤ ወደ ኋላ እንዳይመለሱ የመመለሻ መንገድ ጨርሶ አልተሠራም። ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንፈልጋለን፤ የመምህራችን ጥያቄ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና።

ብርሃን የኤሌክትሪክ ጭነት ስለሌለው ማግኔት እንደ ኤሌክትሮን አያዞረውም። ይሁን እንጂ ሃልዴንና ስሪኒቫስ ራጉ በ2008 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ በተገቢው መንገድ በተደረደረና በማግኔት በተነካ ቁስ ውስጥ ብርሃንም ዳር ዳሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ሊሄድ እንደሚችል አመለከቱ። በ2009 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ማግኔት የሚሰማቸውን ትናንሽ ዘንጎች ደርድረው በማይክሮዌቭ ሞከሩት። በመንገዱ ላይ የብረት መሰናክል ቢያቆሙ ሞገዱ ዞሮት አለፈ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዳሩ ግን ማይክሮዌቭ በሴንቲሜትር የሚለካ ሞገድ ነው፤ ለዓይናችን ብርሃንና ለእርሱ ቅርብ ለሆነው ብርሃን የማግኔት ተጽዕኖ እጅግ ደካማ ነው። በ2017 ዓ.ም. በሳን ዲየጎ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በማግኔት የሚሠራ የቶፖሎጂ ሌዘር አሳይቷል፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ግን ያለ ማግኔት የሚሠራ ዘዴ ወደ መፈለግ አዘነበሉ።

ከዘዴዎቹ ሁሉ ቀላሉን በተማሪዎች ሰልፍ ማስረዳት ይቻላል። ሃያ ተማሪዎች በአንድ መስመር ይቁሙ። አንደኛው ከሁለተኛው፥ ሦስተኛው ከአራተኛው ጋር እጅ ለእጅ ቢያያዝ ብቻውን የሚቀር የለም። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ከሦስተኛው፥ አራተኛው ከአምስተኛው ጋር ይያያዝ። በዚህ ጊዜ አንደኛውና ሃያኛው ያለ ጓደኛ ይቀራሉ። በመካከል ያለ ሰው ሰልፉን ቢያይ ሁለቱን አያያዝ መለየት አይችልም፤ ልዩነቱ የሚታየው በጫፍ ላይ ነው። ብቻውን የቀረውን ተማሪ ለማጣመር ደግሞ ከጎኑ ያለውን ብቻ ማስለቀቅ አይበቃም፤ ያ ሲላቀቅ ሌላው ብቻውን ይቀራልና ሰልፉን እስከ ወዲያኛው ጫፍ ማፍረስ ያስፈልጋል። በብርሃን ረገድ ተማሪዎቹ ማስተጋቢያዎች ናቸው፤ እጅ መያያዙም ብርሃን ከአንዱ ወደ ሌላው በብርቱ መተላለፉ ነው። በፈረንሳይ አገር የሚገኙ ተመራማሪዎች ከሴሚኮንዳክተር የተቀረጹ ጥቃቅን ዓምዶችን በዚህ ዓይነት ደርድረው የጫፉ ብርሃን ሌዘር እንደሚሆን በ2017 ዓ.ም. አሳዩ።

ሰልፍ ግን ሁለት ጫፍ ብቻ ነው ያለው። ብዙ ሌዘሮችን አንድ ለማድረግ ሜዳና የሜዳ ዳር ያስፈልጋል። ይህን ያደረጉት በሃይፋ ቴክኒዮን የሞርደኻይ ሰገቭ ቡድንና በማዕከላዊ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የመርሴዴ ካጃቪካንና የዴሜትሪዮስ ክሪስቶዱሊደስ ባልደረቦች ሲሆኑ፥ ሐሳቡንና ሙከራውን በሁለት ጽሑፎች ከፍለው በ2018 ዓ.ም. አሳተሙ። ከመረመርናቸው ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ የማረከን ይህ ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበታለን።

በአሥር ረድፍ አሥር አሥር ሆነው የተደረደሩ ቀለበቶችን እናስብ። እያንዳንዱ ቀለበት ብርሃን የሚዞርበት ማስተጋቢያ ነው። በሁለት ጎረቤት ቀለበቶች መካከል ደግሞ ብርሃኑን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር አገናኝ ቀለበት አለ። ብልሃቱ ያለው በእነዚህ አገናኞች አቀማመጥ ላይ ነው። አገናኙ በትክክል በመካከል ቢቀመጥ ብርሃኑ ወደ ቀኝ ሲሻገር የሚሄደው መንገድ ወደ ግራ ሲሻገር ከሚሄደው ጋር እኩል ይሆናል። አገናኙን ጥቂት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢያዛንፉት ግን አንዱ መንገድ ይረዝማል፤ ሌላው ያጥራል። ስለዚህ ብርሃኑ አራት ቀለበቶችን ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ እርምጃው ከፊተኛው ይፋለሳል። ኤሌክትሮንም በማግኔት ውስጥ ዞሮ ሲመለስ የሚደርስበት ይህንኑ የመሰለ መፋለስ ነው። እንግዲህ ማግኔት ሳይኖር፥ በቦታ አቀማመጥ ብቻ፥ ብርሃኑ ማግኔት ውስጥ የገባ ይመስለዋል ማለት ነው።

ተመራማሪዎቹ ለዳር ቀለበቶች ብቻ ከላይ በሌላ ሌዘር ኃይል ሰጡ። ብርሃኑ በጠቅላላው ዙሪያ ዳር ዳሩን ፈሰሰ፤ በዳር ያሉት ቀለበቶችም ሁሉ በአንድ ቀለም ሠሩ። ያለ ቶፖሎጂ በተሠራው ተመሳሳይ ድርድር ግን ብርሃኑ እዚህም እዚያም ተቋጥሮ ቀረ፤ ኃይሉ ሲጨመርም ቀለሙ ብዙ ሆነ። ከዳሩ ሆን ተብሎ ቀለበት ሲጎድል የቶፖሎጂው ብርሃን በጎደለው ቦታ ዙሪያ ዞሮ አለፈ። በእኛ ንግግር ላይ «አይሰናከልም» ያልነው ይህን ሥዕል አይተን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው በፍጥነት ተስፋፋ። በ2020 ዓ.ም. የሲንጋፖርና የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች በቀጥታ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፥ በሴኮንድ ወደ 3 ትሪሊዮን ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ሞገድ የሚሰጥ ሌዘር ሠሩ። ብርሃኑ የሚዞርበት መንገድ ባለ ሦስት ማዕዘን ነበር፤ በተለመደው ሌዘር ውስጥ እንዲህ ያለ ሹል ማዕዘን ብርሃኑን ይመልሰዋል ወይም ያፈሰዋል። በዚያው ዓመት በቻይና ብርሃን በአንዲት ጥግ ላይ ብቻ የሚቋጠርበት ሌዘር ተሠራ፤ ሥራ ለመጀመር የሚፈልገው ኃይል 1 ማይክሮዋት ያህል ነው። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ የቩርትስቡርግና የቴክኒዮን ሰዎች ወደ ላይ የሚያበሩ 30 ጥቃቅን ሌዘሮችን በአንድነት እንደ አንድ ሌዘር አሠሩ። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ለጥቅም የቀረበ ይመስለናል፤ ወደ ላይ የሚያበሩት ትናንሽ ሌዘሮች ዛሬም በፋብሪካ በብዛት የሚመረቱ ናቸውና።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። በማግኔት የሚሠራው መንገድ የማይሰናከለው መመለሻ ስለሌለው ነው ብለናል። ያለ ማግኔት በሚሠሩት ሌዘሮች ግን መመለሻው አለ። በቀለበቶቹ ድርድር ውስጥ ብርሃን በእያንዳንዱ ቀለበት ወደ ቀኝ ሊዞር ይችላል፤ ወደ ግራም ሊዞር ይችላል። ወደ ቀኝ የሚዞረው በዳር በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ፥ ወደ ግራ የሚዞረው በዚያው ዳር በተቃራኒው ይሄዳል። ሁለቱ ካልተቀላቀሉ ደኅና ነው። ነገር ግን የቀለበቱ ግድግዳ ሸካራ ሲሆን የቀኙ ብርሃን ጥቂት በጥቂቱ ወደ ግራ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው። የ2018ቱ ተመራማሪዎች ራሳቸው ይህን ስለሚያውቁ በአንዳንዶቹ ሥራዎቻቸው በየቀለበቱ ውስጥ ብርሃኑን ወደ አንድ ዙር ብቻ የሚገፋ ጠማማ መንገድ ጨምረዋል። ባለ ሦስት ማዕዘኑም ሌዘር እንዲሁ ነው። እርሱ የሚጠበቀው የቀዳዳዎቹ አደራደር ሥርዓት እስካልፈረሰ ድረስ ነው። ሹሉ ማዕዘን ሥርዓቱን ስለማያፈርስ ብርሃኑ ያልፈዋል፤ በቀረጻው ጊዜ እንዳጋጣሚ የሚመጣው ሸካራነት ግን ሥርዓት አያውቅም።

በ2023 ዓ.ም. የዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ልኬት እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሌዘር በተሠራበት ዓይነት ሐሳብ የብርሃን መንገዶችን በሲሊኮን ላይ በጥንቃቄ ቀርጸው ምን ያህሉ ብርሃን ወደ ኋላ እንደሚመለስ ለኩ። ብዙ ሆኖ ተገኘ፤ ቶፖሎጂው በቀረጻ ከሚመጣው ሸካራነት ጠብቆታል ለማለት የሚያስችል ነገር አላገኙም። ይህ ልኬት የተደረገው በሌዘር ላይ ሳይሆን ብርሃን ብቻ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በሌዘር ውስጥ ብርሃኑ እየተባዛ ስለሚሄድ፥ የኤሌክትሮኑ ሒሳብ ኃይል የሚጨመርበትንና የሚባክንበትን ነገር በቀጥታ አያጠቃልልምና፥ ነገሩ ለብቻው መመርመር ይኖርበታል።

ስለዚህ ለመምህራችን ጥያቄ መልሳችን «በአንዳንዱ» የሚል ነው። ቀለበት ቢጎድል፥ መንገዱ ቢታጠፍ፥ የጎረቤት ሌዘሮች ቀለም ጥቂት ቢለያይ ብርሃኑ በአብዛኛው ይችለዋል። በግድግዳው ሸካራነት ግን፥ ማግኔት እስከሌለ ድረስ፥ እንደ ማንኛውም ብርሃን ይሰናከላል። በተማሪዎቹ ሰልፍም ይህንኑ ማየት ይቻላል፤ ተማሪዎቹ እጅ የሚያያዙበት ጥንካሬ ቢለያይ የጫፉ ተማሪ ብቻውን መሆኑ አይቀርም፤ እርሱን ራሱን ገፍተን ከቆመበት ብናነሣው ግን፥ ይኸውም የጫፉን ማስተጋቢያ ብናበላሽ፥ ቀለሙ ይለወጣል። «ቶፖሎጂ ይጠብቀዋል» የሚለው ቃል በብዙ ጽሑፎች ላይ ከምን እንደሚጠብቀው ሳይነገር መጻፉ እንደ እኛ ያለውን ጀማሪ እንዳሳተ አንሸሽግም፤ ሳንጠይቅ መደገማችን ግን የራሳችን ጥፋት ነው።

በናኖሜትር የሚቀርጽ መሣሪያ የለንም። ይሁን እንጂ የተማሪዎቹን ሰልፍ በኤሌክትሪክ መልክ በጠረጴዛ ላይ መሥራት ይቻላል፤ ጥቅል ሽቦዎችን አሰልፎ በመካከላቸው ትልቅና ትንሽ ካፓሲተር እያፈራረቁ ማያያዝ ብቻ ነው። ሃያ መገናኛ ያለውን ሰንሰለት በብየዳ ጀምረናል፤ ዐሥራ አንዱ አልቋል። ሲያልቅ የጫፉን ድምፀት በኦሲሎስኮፕ እንለካለን፤ ከዚያም ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሆን ብለን በተበላሸ እየለወጥን የትኛውን ጉድለት እንደሚችል፥ በየትኛው እንደሚሸነፍ እናያለን። ያን ቀን ጥያቄውን የጠየቁት መምህራችን የመጀመሪያውን ብልሽት ራሳቸው እንዲመርጡልን ለምነናቸው ፈቅደውልናል።